ወንድሜ ለሽንት ፈተና ሲዘጋጅ

ወንድሜ ፀጉሩን ከሁላችንም አብልጦ ይወድ ነበር። መጀመሪያ አፍሮው ቤት ይገባል፣ ከዚያ እሱ ይከተላል። ማታ በእማዬ አሮጌ ሻሽ አስሮት ይተኛል። ጠዋት ሚዶውን ከኋላ ሰክቶ ቀጨኔ ዳገት ላይ ብቅ ሲል የሰፈር ልጆች "ዛፉ መጣ" ይሉታል፤ እሱ ግን እንደ ሙገሳ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ያንን ፀጉር በገዛ ፈቃዱ ምላጭ አስበላው ስላችሁ፣ ነገሩ የቱን ያህል ከብዶት እንደነበር ገምቱ።

ነገሩ ሥራ ነው። አምና ከሰፈራችን ወረድ ብሎ ያለ አንድ ጨርቅ ፋብሪካ የጭነት መኪና ሹፌር ፈለገ። ወንድሜ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ወዲህ የነዳው አልጋውን ብቻ ነበር፤ በጀርባው ተኝቶ፣ በግራ እግሩ ፍሪሲዮን እየረገጠ፣ ማርሹን በአፉ እየቀየረ። ዳገት ላይ ሞተር ሲጠፋበት እንኳ በአፉ ያጠፋዋል። ያም ሆኖ የመንዳት ፈተናውን አለፈ። የቀረው የጤና ምርመራ ነው። እሱን ካለፈ የሠራተኛ መታወቂያ ይይዛል፤ መታወቂያ የያዘ ሰው ደግሞ አፈሳ ሲመጣ አውጥቶ ያሳያል፣ ይለቁታል። ሥራ ፈት ጎረምሳ መንገድ ላይ ከተገኘ ግን መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ጦር ሜዳ ነው። ከታችኛው መደዳ ሁለት ልጆች እንደዚያ ሄደው ወሬያቸው አልተሰማም። ስለዚህ በዚያ ሰሞን እማዬ "ሥራ" ስትል ደሞዙን ማለቷ አልነበረም። ልጇን ማለቷ ነበር።

ከፋብሪካው የመጣውን ወረቀት ያነበብኩላት እኔ ነኝ። "አመልካቹ ከተላላፊ በሽታና ከማንኛውም ሱስ ነፃ መሆኑ በሐኪም የተረጋገጠ" ይላል።

"የኔ ልጅ ደግሞ ምን ሱስ አለበት? ሱሱ ማበጠሪያ" አለች እማዬ።

ወንድሜ ግን ፊቱ ልውጥ አለ። ቆይቶ ጓሮ ጠራኝ።

"አንቺ፣ ጫት ሱስ ነው እንዴ?"

"ትቅማለህ?"

"ዊንጌት ጋ ያለው ጓደኛዬ ቤት። ትንሽ።"

"ትንሽ ማለት?"

"እ... ማለቴ፣ ሁለት ቅዳሜ።"

"ለእማዬ ነው የምነግራት።"

"ንገሪያታ። ያኔ ጋቢና አትገቢም።"

ከበድ ያለ ቅጣት ነው። መኪናው ገና ባይገኝም እኔ በሐሳቤ በመስኮቱ በኩል ቦታዬን ይዤ ነበር። ለእማዬ አልነገርኳትም።

ምክር ፍለጋ የሄድነው ወደ ባለ ራዲዮው ጎረቤታችን ነው። ጡረተኛ ናቸው፤ ራዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ስለሚውሉ ስለ ውጭ አገር የማያውቁት የለም። የሰፈራችን ዳቦ ቤት መዘጋቱን ግን ከእኛ ነው የሰሙት። ወንድሜ "ለአንድ ጓደኛዬ ነው ጋሼ" ብሎ ጀመረ።

"ጓደኛህ ቃመ?"

"ትንሽ።"

"እንግዲህ ሽንት ምስክር ነው። ሰው አፉን ይይዛል፣ ሽንቱን ግን ከመናገር አያግደውም። የበላኸው የጠጣኸው ደም ውስጥ ዞሮ ዞሮ ኩላሊት ጋ ሲደርስ ይጣራል፣ ከዚያ ወደ ውጭ። ሁለት ሦስት ቀን ይናገርብሃል።"

ወንድሜ ተነፈሰ። ከቅዳሜ ወዲህ ብዙ ቀን አልፏል።

"ፀጉር ግን" አሉ ጋሼ፣ ራዲዮኑን ከጆሯቸው ነጥለው፣ "ፀጉር ሌላ ነገር ነው። ፈረንጅ አሁን ፀጉር መመርመር ጀምሯል። ፀጉር ከሥሩ ሲያድግ ከደም ነው የሚመገበው። የዛሬ ሦስት ወር የቃምከው፣ ይቅርታ፣ ጓደኛህ የቃመው፣ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ትንሽ ቆረጥ ያደርጉና ታሪክህን ያነቡልሃል።"

እሳቸውም እኔም ቀና ብለን የወንድሜን አፍሮ አየነው። እዚያ ውስጥ ያለው ታሪክ ተነቦ የሚያልቅ አይመስልም።

"ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?"

"ለጓደኛህ?"

"ለጓደኛዬ።"

"ውሃ ይጠጣ። ብዙ። ሽንቱን ያጥብለታል። ፀጉሩን በተመለከተ ደግሞ..." መዳፋቸውን በመላጣቸው ላይ አሳለፉ። "እኔን ማንም መርምሮኝ አያውቅም።"

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፋችን ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ተቀምጧል። ራሱ ያበራል። ግራና ቀኝ ትልልቅ ጆሮ ተንጠልጥሎለታል። ለካ ወንድሜ ጆሮ ነበረው። ዕድሜ ልኬን አብሬው ኖሬ ጆሮውን ያየሁት ያን ቀን ነው።

"ቅንድቤስ?" አለኝ ገና ሳልቀመጥ።

"ቅንድብህ ምን ሆነ?"

"ፀጉር አይደል?"

እጁን አየሁት፤ ምላጭ ይዟል። ቀማሁትና ጣሪያው ላይ ወረወርኩት።

እማዬ ከገበያ ስትገባ ዘንቢሏን ለቀቀችው። ድንቹ ደጁን ሞላው። "ማን ሞተብኝ?" አለች።

"ማንም አልሞተም እማዬ። ለንጽሕና ነው። ፋብሪካ ስለሆነ።"

"ቅማል አለብህ አሉህ?"

"አላሉኝም።"

"ታዲያ አለብህ?" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ግድግዳችን ስስ ነው። ራሱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው፤ ምንም ስታጣ ደግሞ ይባስ ግራ ገባት።

ውሃው ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። በዚያ ሰሞን የቦኖ ውሃ በሰልፍ ነው። አንድ እንስራ ለመሙላት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ እኛ ቤት አንድ ሰው ለብቻው ሳያቋርጥ ውሃ ሲጋት እማዬ ዝም ብላ አታይም። ወንድሜ አሰበ፣ አሰበና የምርመራው ዋዜማ እራት ላይ እንዲህ አለ፤

"እማዬ፣ ነገ ከመሄዴ በፊት ጠበል ብንደርስስ?"

የእማዬ ጉርሻ መንገድ ላይ ቀረ። ይህ ልጅ ከትንሣኤ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጠም። ቀስ ብላ ጉርሻዋን መልሳ ትሪው ላይ አኖረች፣ ራሱን አየች፣ ወደ እኔ ዞር ብላ ሹክ አለችኝ፤ "ለካ ስለት ነው። ፀጉሩን ለእሱ ብሎ ነው የተላጨው።" ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እኔ ምን ልበል? ወጡን ማየት ጀመርኩ።

ጤና ጣቢያው ቀደም ብሎ ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ ሰጥቶት፣ "ጠዋት እንደተነሳህ የመጀመሪያውን ሽንትህን ይዘህ ና" ብሎታል። ወንድሜ ግን የራሱ ፍልስፍና ነበረው። የመጀመሪያው ሌሊቱን ሙሉ ሲጠራቀም ያደረ ስለሆነ ምስጢር አዋቂው እሱ ነው ይላል። ስለዚህ እሱን አፈሰሰውና ጠርሙሱን ባዶውን ኪሱ ከቶ፣ ገና ሲነጋጋ ሦስታችን ዳገቱን ወጣን።

ጠበሉ ከቀጨኔ በላይ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ነው። ሰው በባዶ ሆዱ አንድ ሁለት ጣሳ ይጠጣል፣ ይጠመቃል፣ ይሄዳል። ወንድሜ ቆሞ ጠጣ። ደከመውና ተቀምጦ ጠጣ። ትንፋሽ ወስዶ፣ አማትቦ፣ እንደገና ጠጣ። በጠበሉ ብርድ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ጣሳውን ደግሞ ያስጠጋል። ከአጠገባችን የነበሩ አንዲት አሮጊት እማዬን ጠጋ ብለው፣

"ልጁን ምን ይዞት ነው?" አሏት።

"ሥራ ፈልጎ ነው" አለች እማዬ።

አሮጊቷ ጥቂት አዩት። "አይ፣ ይሄስ ሥራ ብቻም አይደለ" ብለው ሄዱ።

እማዬ ለቅዳሴ ቀረች። የእኔ ትምህርት የከሰዓት ፈረቃ ስለነበር አብሬው ቁልቁል ወረድኩ። ሆዱ ይንቦጫቦጫል። ባሕር ዛፍ ባየ ቁጥር "ቆይ እስቲ" ይልና ይጠፋል። ጤና ጣቢያው ሊታይ ሲል የመጨረሻው ዛፍ ጋ ጠርሙሱን ሞልቶ መጣ። በነጠላዬ ጫፍ ይዤ ወደ ፀሐይ ሳነሳው፣ ማዶ ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሚስማሩ ሳይቀር በውስጡ ይታያል።

"ንጹሕ ሆኛለሁ" አለ ወንድሜ፣ በኩራት።

ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ሰልፍ ነበር። ሁሉም ያቅሙን ይዞ መጥቷል፤ ግማሹ በጠርሙስ፣ ግማሹ በክብሪት ቤት። በክብሪት ቤት ምን እንደሚያመጣ አላብራራም። ሰልፉ የሚያልቀው አንዲት መስኮት ላይ ነው። ከመስኮቱ ወዲያ ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ የወረደ መርማሪ ነበረች፤ ሁሉም "ሲስተር" ይላታል። ከመስኮቱ ወዲህ ደግሞ ካኪ የለበሰ ሰው ቆሟል። ከፋብሪካው አስተዳደር ነው የመጣው፤ የአመልካቾቹን ወረቀት ይዞ ፎቷቸውን ከፊታቸው ጋር ያመሳክራል። ከአሁን በፊት አንዱ በሽተኛ ጤነኛ ወንድሙን ልኮ አስመርምሮ ነበርና።

ሲስተር የወንድሜን ጠርሙስ በቀጭን ረጅም ብርጭቆ ገለበጠችና፣ እንደ ቴርሞሜትር ቁጥር የተጻፈበት ተንሳፋፊ ጣለችበት። ከፊቱ የነበረው ሰው ላይ ተንሳፋፊው አንገቱን አውጥቶ ቆሞ ነበር። የወንድሜ ላይ እስከ ጫፉ ጠለቀ። አውጥታ ጠራርጋ እንደገና ጣለችው። እንደገና ጠለቀ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሽንት ነው ሲስተር።"

"የቧንቧ ሽንት?"

ሰልፉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። "ሽንት ውስጥ ጨው አለ፣ ሰውነት የጣለው ብዙ ነገር አለ። ስለዚህ ከውሃ ይከብዳል፣ ይሄንንም ያንሳፍፈዋል። ያንተ ምንም የለበትም። ውሃ ነው ያመጣህልኝ።"

ባለ ካኪው ይህን ሲሰማ ጠጋ አለ። ወረቀቱን አየ፣ ወንድሜን አየ፣ ደግሞ ወረቀቱን አየ። ፎቶው ላይ ፀጉር እንጂ ፊት ብዙም ቦታ አላገኘም ነበር።

"ጓድ፣ ይሄ አንተ ነህ?"

"አዎ ጓድ።"

"ፀጉሩስ?"

"ተላጨሁት።"

"ለምን?"

ወንድሜ መላጣውን ዳበሰ።

"ፀጉሩ የለም። ሽንቱ ውሃ ነው። ማን ነው የላከህ?"

"ወንድሜ ነው" አልኩ እኔ ከኋላ።

"ማን አንቺን ጠየቀሽ? ፎቶው ላይ ያለውስ?"

"እሱም ወንድሜ ነው።"

"ሁለት ወንድም አለሽ?"

"አንድ ነው ጓድ። ፀጉሩ ነው ሁለት ያስመሰለው።"

ባለ ካኪው ከደረት ኪሱ እስክሪብቶውን አወጣ። ሌሎቹን ወረቀቶች በቀኝ በኩል ደርድሯል። የወንድሜን ወደ ግራ ሳበው፤ በግራ በኩል ምንም ወረቀት አልነበረም። ወንድሜ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ምን ሊል እንደነበር አውቄያለሁ፣ ለምን እንዳላለውም አውቄያለሁ። ጠበል በካኪ ፊት የሚጠራ ቃል አይደለም። በቀበሌው ውይይት ክበብ "ኋላ ቀር አስተሳሰብ" ሲባል ምሳሌ ሆነው ከሚጠቀሱት አንዱ ጠበል ነው። ቢናገር በዚያ በኩል ሊሰረዝ ነው፣ ባይናገር በዚህ በኩል። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊነካ ሲል እማዬ በሐሳቤ ታየችኝ። አሁን ቅዳሴ ላይ ሆና "ልጄ ገብቷል" እያለች ነው።

"ጠበል ጠጥቶ ነው" አልኩ።

የሰልፉ ራስ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"ምን?"

"ጠበል። ጠዋት። ብዙ ነው የጠጣው። ከሚገባው በላይ።"

ባለ ካኪው እስክሪብቶውን እንደያዘ አየኝ። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"የትኛው?"

"ከላይ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ያለው።"

"እሱ በጣም ቀዝቃዛ ነው" አለ፤ ለራሱ ያህል ብቻ ነው የተናገረው። ወዲያው ቀና ብሎ ድምፁን ለኮሪደሩ ሁሉ ከፍ አደረገ። "አመልካቹ የምንጭ ውሃ ጠጥቷል። እንደዚያ ይያዝለት። የምንጭ ውሃ።"

ሲስተር ከንፈሯን ነከሰች። "እንግዲያው ከአሁን በኋላ ጠብታ እንዳይቀምስ። እዚያ ይቀመጥ። የመጀመሪያዎቹን ይድፋቸው። ቆይቶ ሲጠራቀም ሰው እያየው ይሰጠናል።"

ወንድሜ ከሰልፉ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ተነሳ፣ ሄደ፣ ተመለሰ። ደግሞ ተነሳ። ዘግይተው ሰልፉን የያዙት ለቅሶ የደረሰበት ሰው መስሏቸው ራሱን እያዩ "እግዜር ያጽናህ" ይሉታል፤ እሱም "አሜን" ይላል። ሌላ ምን ይበል?

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ተራው ደረሰ። ምስክር እንዲሆኑ የታዘዙት ወፍራም ካፖርት የለበሱት የጤና ጣቢያው ዘበኛ ናቸው። ሽንት ቤቱ ከኮሪደሩ ጫፍ የቆርቆሮ ክፍል ስለሆነ የሚባለው ሁሉ ይሰማናል።

"ጀመርክ?"

"ገና ነው አባባ።"

"እስካሁን ስትመላለስ አልነበር?"

"ያኔ ማንም አያየኝም ነበር። እስቲ ዞር ይበሉልኝ።"

"ዞር ካልኩማ ምኑን ልመሰክር ነው?"

"ግማሽ ፊትዎን ብቻ።"

"ግማሹ ያው ነው የሚያየው።"

ጠብታ እንኳ አልተሰማም። ሠላሳ ዛፍ ያጠጣ ሰው አንድ ጠርሙስ መሙላት አቃተው። ባለ ካኪው ሰዓቱን አየ። በኋላ ከቆርቆሮው ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ "ሽሽሽሽ..."

"ምን እያደረጉ ነው አባባ?"

"እናትህ ሕፃን ሳለህ እንዲህ አላለችህም? ዝም ብለህ አድምጥ። ሽሽሽሽ..."

ሰልፉ ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች። በድንገት "ውይ" ብላ ጀርባዋን ዳበሰች። የሷ ልጅ ቀደመው።

ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ፤ ባለ ካኪውም ወረቀቶቹን አፉ ላይ ይዞ ወደ ግድግዳው ዞረ። እንደሚመስለኝ ወንድሜን የገላገለው ያ ሳቅ ነው፤ ሰው ሁሉ እሱን ረስቶ ሕፃኑን ሲያይ ነገሩ መጣለት። ዘበኛው ጠርሙሱን ከፍ አድርገው ወጡ። "የራሱ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። ገና ትኩስ ነው፣ ንኩት።" ማንም ሊነካው አልፈለገም።

ተንሳፋፊው አሁን አንገቱን ብቅ አደረገ። ሲስተር በእግር ጣቶቼ ጫፍ ቆሜ እንደማይ አየችኝና አላባረረችኝም። በብልቃጥ ሰማያዊ ፈሳሽ ቀዳች፣ ከሽንቱ ጠብ ጠብ አደረገችበት፣ በአልኮል መብራት ነበልባል ላይ ያዘችው። ስኳር ካለበት መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ሲብስ የጡብ ቀለም ይሆናል አለችኝ። ፈላ፣ ተንፈቀፈቀ፣ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ።

ባለ ካኪው ለሲጋራ ወጥቷል። ድምፄን ቀነስኩ።

"ሲስተር፣ ጫትስ ምን ዓይነት ቀለም ነው የሚያመጣው?"

"የምን ጫት?"

"እንዲያው ለዕውቀት ነው።"

መነጽሯን ገፋ አድርጋ አየችኝ። ከዚያ አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን መላጣ አየች። ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ ሲገባት ፊቷ ላይ ይታያል፤ ውሃው፣ ጠበሉ፣ ጆሮዎቹ።

"እዚህ የምናየው ስኳር ነው፣ የኩላሊት በሽታ ነው። ጫት የሚያሳይ ነገር የለንም። ውጭ አገር ይኖር ይሆናል።"

"ሱስ የሚለውስ?"

"ሰውየውን እንጠይቀዋለን። ጥርሱንም እናያለን።"

"ፀጉርስ?"

"እኛ ጋ ፀጉር የሚመረምረው ቅማል የሚፈልግ ነው" አለች፣ ከዚያ መነጽሯን አውልቃ በጋዋኗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሳቁ ሲለቃት ወንድሜን ጠራችው።

"ጥርስህን። እሺ። ጫት ትቅማለህ?"

ወንድሜ እኔን አየኝ። እኔ ትከሻዬን ነቀነቅኩ፤ እሱ የጫት ምርመራ እንደሌለ አያውቅም፣ "አልቃምኩም" ቢል የሚያጋልጠው ነገር እንደሌለም አያውቅም። ልነግረው ጊዜም አላገኘሁም።

"ሁለት ቅዳሜ ቅሜያለሁ ሲስተር" አለ። "ከእንግዲህ ግን አልደግመውም። ዋጋው በዝቶብኛል።"

"ሁለት ቅዳሜ ሱስ አይባልም" አለችና "ነፃ" ብላ ጻፈችለት።

ባለ ካኪው ግን ፎቶውን አልተወም። "የዛሬውን ፊትህን ይዘህ ና" አለው። ታክሲ ማቆሚያው አጠገብ የሚቆመው ባለ እንጨት ካሜራ ፎቶ አንሺ ጥቁር ጨርቁ ውስጥ ገብቶ አነሳው። በዚያው ዕለት ወረቀቱ ከሌሎቹ ጋር በቀኝ በኩል ተደረበ። እማዬ ስትሰማ እልል አለች፤ ጎረቤት ሁሉ የጠበሉን ኃይል ሲያወራ ሰነበተ። እኛ አንድም ቃል አላረምንም።

አሁን መኪናውን ይነዳል፤ እኔም ጋቢና ገብቻለሁ። ችግሩ ያ የሠራተኛ መታወቂያ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ሰው መላጣ፣ ባለ ትልቅ ጆሮ ነው። ፀጉሩ ትንሽ ቀና ሲል የፋብሪካው ጥበቃ በር ላይ አቁሞ "ይሄ አንተ አይደለህም" አለው፤ አንድ ምሽት ደግሞ አፈሳ የወጡ አብዮት ጠባቂዎች መታወቂያውን በባትሪ እያዩ፣ ፊቱን እያዩ፣ ብዙ አቆሙት። መታወቂያው እስኪታደስ ገና ነው። ከዚያ ምሽት ወዲህ እማዬ ምላጭ ከቤት አታጣም። ውሃ ታሞቃለች፣ በርጩማ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ እሱ እያጉረመረመ ራሱን ይሰጣታል። እኔ መታወቂያውን ከጆሮው አጠገብ እይዛለሁ። እሷ ፎቶውን ታያለች፣ ልጇን ታያለች፣ የቀረች ጥቂት ፀጉር ካየች ትላጫታለች። ሲያልቅ መዳፏን በራሱ ላይ አሳልፋ፣

"በቃ፣ አሁን ራስህን ትመስላለህ፤ ውጣ" ትለዋለች።